የቲቸር ቀነኒ የድምፅ መልእክት

በየከተማው ሰውን ሁሉ በድምፅ መልእክት የምታስተዳድር አንዲት ሴት አትጠፋም። ለጭሮ የደረሷት ክብርት ቲቸር ቀነኒ ናቸው። አትክልት ሻጩ በድሪ ጠዋት ሱቁን ከፍቶ ስልኩን ሲያበራ ከደንበኛ ሁሉ ቀድመው የሚገቡት እሳቸው ናቸው። "በድሪ! ጽሑፍ አትላክልኝ ብዬህ የለም? አፍ ተሰጥቶሃል፣ ተናገር!" በድሪም መልእክታቸው ከጁምዓ ኹጥባ፣ ከመስጊዱ ስብከት፣ ይረዝማል እያለ ሲያማቸው ይውላል።

ጽሑፍ የጠሉት ወደው አይደለም። ሂሳብ በሚያስተምሩበት ዘመን አንድ ቀን ሰሌዳው ላይ ያሰመሩት መስመር ሁለት ሆኖ ታያቸው። ቀጥሎ እግራቸው ከዳቸው፤ ጣታቸው ጠመኔ ይያዝ አይያዝ መለየት አቃተው። ተጸለየ፣ መርፌ ተወጋ፣ ዓመታት አለፉ። በመጨረሻ አዲስ አበባ አንድ የነርቭ ሐኪም የበሽታውን ስም ነገራቸው፦ መልቲፕል ስክለሮሲስ። ጎረቤት ስሙን መጥራት ሲያቅተው እንደ ተማሪ ያስጠኑታል። "የኤሌክትሪክ ገመድ ላስቲኩ ሲላጥ አላየህም? የኔም ነርቭ እንደዚያ ነው። በል ድገምልኝ፤ ስክለ..."

እጃቸው ስልክ መያዝ ሲሳነው ስልኩን ከራስጌያቸው በብረት ዘንግ አሰቀሉት። በድምፃቸው ያዝዙታል፤ ይደውላል፣ የመጣውን መልእክት ጮክ ብሎ ያሰማቸዋል። ከዚያ ወዲያ ማን ይቻላቸው! የቤተ ክርስቲያናቸውን መዘምራን የሚያለማምዱት ከአልጋቸው ሆነው ነው፤ ወንበር ላይ የተቀመጠ ስልክ "ከኋላ የሚያዛጋው ማነው?" ሲል መዘምራኑ ቀጥ ይላሉ። ቲማቲም የሚመርጡት ደግሞ በቪዲዮ ነው።

"ያንን አዙረው። ጀርባውን አሳየኝ። ይሄማ ጡረታ የወጣ ነው!"

"ቲቸር፣ ወላሂ ሁሉም ያደጉት አንድ ማሳ ላይ ነው።"

"አንተና ጓደኞችህም አንድ ክፍል ነው የተማራችሁት። ተመሳሰላችሁ እንዴ?"

አንድ ቀን ምርጫው መሀል በድሪ ስልኩን ቲማቲሙ ላይ ጋደም አድርጎ ከደንበኛ ጋር ወሬ ያዘ። ወሬው ስለ እህቱ ልጅ ነው፦ በደሳ ከተማ ያለችው የረዲያ ልጅ ሳሊሃ አንድ ዓይኗ ደብዝዟል፣ እግሯንም ትጎትታለች፤ እናቷ የሰው ዓይን ነው ትላለች።

"በድሪ!" አለ ስልኩ ከቲማቲሙ ክምር ላይ። "ልጅቷን አገናኘኝ። አሁኑኑ!"

ሳሊሃ በቪዲዮ ቀረበች። "አገጭሽን ወደ ደረትሽ ዝቅ አድርጊ። ጀርባሽን ይነዝርሻል?"

ልጅቷ ዝቅ አለችና ደነገጠች። "ማን ነገረዎት?"

"ማንም። እኔንም ይነዝረኛል። ሐኪም አይደለሁም፤ የነርቭ ሐኪም ግን ሊያይሽ ይገባል።"

ረዲያ ስልኩን ከልጇ ነጠቀች። "ቲቸር፣ ልጄ ታጭታለች። የበሽታ ስም አያውጡላት!"

"ማሎ፣ እባክሽ ረዲያ! ሰርጉ ይደርሳል፤ ዓይኗ ይቅደም።"

ረዲያ ዘጋችባቸው። በማግስቱ የድምፅ መልእክት ደረሳት፤ በሦስተኛውም ቀን። ብሎክ ስታደርጋቸው በበድሪ ስልክ በኩል ላኩባት። በቴሌግራም የሚያውቋቸው የአዲስ አበባ መሰል ታማሚዎችም ለሳሊሃ ከነርቭ ሐኪም ቀጠሮ አስያዙላት።

"ቲቸር፣ እህቴ ትጣላኛለች" አለ በድሪ።

"ትጣላህ። ልጅቷ ከታከመች በኋላ እናስታርቃችኋለን።"

ቀጠሮው ሲቃረብ አንድ መልእክት መጣ። በድሪ ሰማውና፣ የገበያ ቀን ሆኖ ሳለ ሱቁን ዘግቶ በደሳ ወረደ። እህቱ ፊት ቆሞ ስልኩን ከፈተው። ድምፁ የቲቸር ነው፤ ትእዛዙ ግን የለም።

"ረዲያ፣ እኔ ስሙን የማላውቀው በሽታ ይዤ ብዙ ዓመት ዞርኩ። በዚያ መሀል የሄደው እግሬ አልተመለሰልኝም። የሳሊሃ ገና አለ። ስሙን ፈርተሽ እግሯን አትስጪ።"

ረዲያ እንደገና አስከፈተችው። ከዚያ የልጇን ልብስ ሻንጣ ውስጥ መክተት ጀመረች።

አዲስ አበባ ሐኪሙ ያው በሽታ ነው አለ፤ ቶሎ በመምጣቷም መድኃኒት ጀመረላት። ሳሊሃ ከሆስፒታሉ ኮሪደር ደወለች። "ቲቸር፣ ይለቀኛል?"

 "አይለቅሽም" አሉ ቲቸር ቀነኒ። "መድኃኒቱ ግን ያዘገየዋል። ዛሬ አልቅሺ። ነገ ስልክሽን ቻርጅ አድርጊና ደውዪልኝ፤ የማሳይሽ ብዙ ነገር አለ።"

ሲመለሱ ጭሮ ወረዱ። በድሪ እናትና ልጅን ወደ ቲቸር ቤት ይዟቸው ገባ። ቲቸር ቀነኒ ለጎብኚ መነሳት ካቆሙ ቆይተዋል፤ ሳሊሃን በሩ ላይ ሲያዩ ግን ግድግዳውን ተደግፈው ከአልጋቸው መነሳት ያዙ።

"ኧረ ቲቸር፣ ይቀመጡ!" ብሎ በድሪ ሮጠ።

"ዝም በል፤ እንግዳ መጥቶብኛል።"

ተነሱ። ግድግዳውን ለቀው ቆሙ። ሳሊሃ እግሯን እየጎተተች ደረሰችና አቀፈቻቸው። ረዲያ ሻሿን አፏ ላይ አድርጋ በሩ ላይ ቀረች። በድሪ፣ ያ ሐሜተኛ፣ ሁለቱ ሲወዛወዙ አይቶ ከኋላቸው ወንበር አስጠጋ፤ ክንዶቹንም በሁለት ወገን ዘርግቶ ጠበቀ።

አልተቀመጡም።