ፍሪጅ ጠጋኙ ጌታ የሚሸሸውን ከበሮ በጀርባቸው ያቆሙበት ዜና

በዘመነ ጆሮ ማዳመጫ፣ ፍሪጅ ጠጋኙ ጌታ እመቤቲቱን ባገቡ በስምንተኛው፣ ግራ ጉልበታቸው ደረጃ ባየ ቁጥር ማጉረምረም በጀመረ በሁለተኛው ዓመት፣ በዕለተ እሑድ፣ ፀሐይ ወደ ምዕራብ ማዘንበል ስትጀምር የሆነውን ነገር፣ እኔ ጸሐፌ ዜና ያየሁትን በዓይኔ አይቼ፣ ያላየሁትንም ከታመኑ ሰዎች ጠይቄ፣ ለወዳጅ ሳላደላ፣ ለባላጋራም ሳልራራ እንዲህ ጻፍሁ።

እኒህ ጌታ መዋኤ በረድ፣ ፈዋሴ ማቀዝቀዣ፣ ትከሻቸው እንደ ቁም ሣጥን የሰፋ፣ ድምፃቸው ግን ዝግ ያለ ሰው ነበሩ። ከሱቃቸው ጓዳ፣ በራቸው በወለቀ ፍሪጆች መካከል፣ ከአሮጌ መኪና የተነቀለ አንድ ወንበር አለ፤ የዕለቱን ሥራ ሲጨርሱ ሞተሩን ሁሉ አጥፍተው፣ እጃቸውን በሳሙና ታጥበው፣ በዚያ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ጆሮ ማዳመጫቸውን እንደ ዘውድ ደፍተው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ሙዚቃ ይሰሙ ነበር። ከሙዚቃም ሁሉ አብልጠው የሚወዱት የአንድ ባንድ አልበም ነበር። ይህ ባንድ ኢንዲ ከሚባሉት ወገን ነው፤ ይህም ማለት አሳታሚ የሌላቸው፣ አለቃ የማያዛቸው፣ ፖስተራቸውን ራሳቸው የሚለጥፉ፣ አልበማቸውንም በዘፋኙ አክስት ሳሎን ውስጥ፣ መስኮቱን በብርድ ልብስ ጋርደው የቀዱ አራት ሰዎች ናቸው። በሦስተኛው ዘፈን መካከል የአክስትየዋ በር ሲጢጥ ሲል ይሰማል፤ ጌታችንም ያችን ሲጢጥታ እንደ ትልቅ ቁም ነገር ይጠብቋት ነበር።

ስለዚህም የባንዱ ነገር በተነሣ ቁጥር በእራት ማዕድ ላይ እንዲህ ሲሉ ያውጁ ነበር፦ «ዘፈን አንዴ በደንብ ከተቀዳ አለቀ ነው። እኔ ፍሪጅ ሠርቼ ሳስረክብ ባለቤቱ እስቲ እፊቴ እንደገና ፈተህ ግጠመው አይለኝም። ቤቴ በሰላም የምሰማውን ዘፈን፣ የሰው ክርን እየበላሁ፣ ተበላሽቶ ልሰማ ለምን እሄዳለሁ?»

እመቤቲቱ ግን በዚህ ነገር ከጌታችን የተለዩ ነበሩ። የላብራቶሪ ባለሙያ ናቸውና ሳምንቱን ሙሉ ነጭ ጋውን ለብሰው፣ በማይክሮስኮፕ ላይ አቀርቅረው፣ ማንም በማያወራበት ክፍል ይውላሉ። የእሳቸውም አዋጅ ይህ ነበር፦ «እኔ ቀኑን ሙሉ የሰው ጠብታ ነው የማየው፤ ሰው አላይም። ሲጫወቱት ማየት ነው የምፈልገው። ጣታቸው ሲስት፣ ተያይተው ሲስቁ፣ ተመልሰው ሲገቡበት። ቤት ያለው ፎቶግራፉ ነው፤ ሰውየው ያለው እዚያ ነው።»

ሦስተኛው ወገን የእመቤቲቱ ታናሽ ወንድም ነበር፤ እሱም ታክሲ ነጂ ሲሆን፣ ነገር ሁሉ ድሮ ይሻል ነበር ስለሚል ወዳጆቹ «ድሮ» ብለው የሰየሙት ነው። የድሮም ሃይማኖት እንዲህ ነበር፤ ባንድ በአካል መታየት አለበት፣ ነገር ግን ከኋላ፣ ከበሩ አጠገብ፣ እጅን አጣምሮ፣ ራስን ሳይነቀንቁ። እንዲህም ሲል ያውጅ ነበር፦ «እኔ እነዚህን ልጆች ሳውቃቸው ከእኔና ከእናቶቻቸው በቀር የሚያያቸው አልነበረም። ያኔ ነበር ባንድ። አሁን የሠፈራችን ፀጉር አስተካካይ እንኳ ያውቃቸዋል። አለቀላቸው።» አለቀላቸው ካለው ባንድ ግን አንድም ትርኢት አያመልጠውም ነበር።

እመቤቲቱም ለብዙ ዘመን እንዲህ ሲመላለሱ፣ ወንድማቸው ከኋላ፣ ጌታችን ከቤት፣ እሳቸው ብቻቸውን ከፊት ሆኑ። ና እያሉ ይጠይቁ ነበር እንጂ ስለዚህ ነገር አንድም ቀን አላማረሩም። ከዕለታት በአንዱ ግን፣ ሳህን በፎጣ እያደረቁ ሳለ፣ ዞር ሳይሉ እንዲህ ሲሉ አወጁ፦ «እሑድ ይጫወታሉ። ላንተም ትኬት ገዝቻለሁ። ብትመጣ ደስ ይለኛል፤ ባትመጣ አልቀየምህም። ግን ከዚህ በኋላ አልጠይቅህም።»

ጌታችንም በዚህ ቃል ደነገጡ። እመቤቲቱ ተቆጥተው ቢሆን ኖሮ ባልደነገጡ ነበር። ሲንጫጫ የኖረ ሞተር በድንገት ጸጥ ሲል ዳነልኝ ብሎ የሚደሰተው የፍሪጁ ባለቤት ነው፤ ጠጋኙ ግን መፍቻውን ያነሣል። እሳቸውም በዚያች ሌሊት እንቅልፍ አጥተው ተገላበጡ፣ በነጋም ጊዜ «እመጣለሁ» ብለው ቃላቸውን ሰጡ።

በእሑድም ለዘመቻ ተነሡ። በጉልበታቸው ፋሻ ጠመጠሙ፣ በጆሯቸው ጥጥ ወተፉ፣ ባለ ጎማ ሶል ጫማቸውን ተጫሙ፣ በብብታቸውም ታጣፊ ወንበር ሸጎጡ። ከፊታቸው እመቤቲቱ ሹራባቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው፣ ከኋላቸው ድሮ የታክሲውን ቁልፍ በጣቱ እያሽከረከረ፣ ከድሮም ኋላ ማንም ሳይኖር ተጓዙ፤ ሠራዊቱ ይኸው ነበር።

ትርኢቱ የሚደረግበት አዳራሽ ቀድሞ የቤት ዕቃ መሸጫ የነበረ፣ ወለሉ በሚያብለጨልጭ ሴራሚክ የተነጠፈ፣ መድረኩም ከወለሉ እንደ አንድ ደረጃ ብቻ ከፍ ብሎ በዚያው ሴራሚክ የተለበጠ ነበር። በደጁ ሰልፍ ነበረ፤ ጌታችን ሰልፉን ታግሠው ከበሩ ሲደርሱ ዘበኛው ወንበሩን አይቶ «ወንበር አይገባም አባባ» ሲል አወጀ። ከወንበሩ መነጠቅ ይልቅ አባባ መባላቸው ጎዳቸው። ወንበሩም በዘበኛው እጅ ተማረከ፤ ዘበኛውም ወዲያው ዘርግቶ ተቀመጠበት።

በውስጥም ሕዝቡ በሦስት ተከፍሎ ቆሞ ነበር። ከፊት ያሉት ዘፈኑን ሁሉ በቃላቸው የሚያውቁና ከዘፋኙ አብልጠው የሚጮኹ ናቸው፤ ስለ ሌሎቹም «እንደ ግንድ ለመቆም ከሆነ ለምን መጡ?» ይሉ ነበር። ከመሐል ያሉት ስልካቸውን ወደ ላይ የዘረጉ፣ ባንዱ በፊታቸው ቆሞ ሳለ በስልካቸው መስታወት የሚያዩት ናቸው፤ እነሱም «ካልቀረጽነው ነገ ማን ያስታውሰዋል?» ይሉ ነበር። ከኋላ ያሉት የድሮ ወገን ናቸው፤ እነዚህ ከፊት ያሉትን «ዝም በሉና ቤዙን እንስማበት» ይሏቸዋል፣ ግን ማንም እንዳይሰማቸው ቀስ ብለው ነው። ድሮም ለእኅቱ ባል በግድግዳው ጥግ የሚደገፉበት ቦታ ያዘላቸው። ጌታችን ግድግዳውን አዩ፣ ወደደችውም ነፍሳቸው፤ እመቤቲቱ ግን ወደ ፊት ሄደው ነበር። ጌታችንም ግድግዳውን ትተው፣ ይቅርታ እያሉ፣ እግር እየረገጡ፣ እግራቸውም እየተረገጠ ከእመቤቲቱ አጠገብ ደረሱ።

ወእምዝ፣ ከዚህም በኋላ፣ አራቱ ወጥተው ጊታሩ በተመታ ጊዜ፣ በጌታችን ጆሮ የነበረው ጥጥ ምንም አልፈየደም። የመጀመሪያው ዘፈን ከአልበሙ ይልቅ ፈጠነ፤ በሁለተኛው ላይ ዘፋኙን ሳል ያዘው፤ ሦስተኛው ሲደርስ ጌታችን ያ በር ሲጢጥ የሚልበትን ቦታ ትንፋሻቸውን ይዘው ጠበቁ፤ ቦታው ደረሰ፣ አለፈ፣ በር አልነበረም። በዚያን ጊዜ ከሥራ ሲገባ የቤቱ ዕቃ ሁሉ ቦታው ተለዋውጦ እንደሚያገኝ ሰው ሆኑ። ረጅም ሰው ከፊታቸው ቆመ። ላብ ያልሆነ ነገር በአንገታቸው ላይ ፈሰሰ፣ ለስላሳ መጠጥም ሆኖ ተገኘ። ሰዓታቸውን አዩ።

በውእቱ ጊዜ ችግር ተነሣ። የባንዱ ከበሮ መቺ በአዘቦት የጥርስ ሐኪም ረዳት ናት፤ ሳምንቱን ሙሉ ሰው አፉን ከፍቶ እንዲቆይላት በለሆሳስ ስትለምን ትውልና፣ ያንን ለሆሳስ ሁሉ እሑድ በትልቁ ከበሮ ላይ ትወጣዋለች። ይህ ትልቁ ከበሮ በእግር የሚመታው፣ በጎኑ ቆሞ ፊቱን ወደ ሕዝቡ ያዞረው ነው። ከሥሩ የሚነጠፈውን ምንጣፍ ቤት ረስተውት መጥተው ነበርና በተመታ ቁጥር በሴራሚኩ ላይ እየተንሸራተተ ወደ መድረኩ ጠርዝ ይሸሽ ጀመር። መቺዋ ጎትታ መለሰችው፣ እንደገና ሸሸ። ቤዝ ተጫዋቹ እግሩን ጣል አድርጎ ሊያግደው ቢሞክር ምቱ ጠፋበት። ከውጭ ብሎኬት መጣ፤ ከበሮው ብሎኬቱንም ይዞት ሄደ። ዘፈኑ መሐል ላይ ተቋረጠ። ስልክ የዘረጉት ይህንንም ቀረጹ፤ ከኋላም «ድሮ ምንጣፍ ነበራቸው» የሚል ድምፅ ተሰማ። አራቱ በመድረኩ ላይ ተሰብስበው ተንሾካሾኩ፣ ዘፋኙም በማይክ «ይቅርታ፣ ምናልባት እዚህ ላይ ብናቆም ሳይሻል አይቀርም» አለ።

ጌታችን በዚህ ቃል ደስ ሊላቸው በተገባ ነበር፤ ወደ ቤት መሄጃው ደርሷልና። ነገር ግን እመቤቲቱን አዩ። እመቤቲቱ ሹራባቸውን ቀስ ብለው መልበስ ጀመሩ፣ እጅጌውንም ሲፈልጉ እጃቸው ሳተው።

ጌታችንም መድረኩን ረገጡ። ጉልበታቸው ተቃወመ፣ አልሰሙትም። ከበሮውን በሁለት እጃቸው ገፍተው ወደ ቦታው መለሱት፣ ዞረውም በመድረኩ ጠርዝ ተቀመጡ፣ እግራቸውን በአዳራሹ ወለል ላይ ተክለው ጀርባቸውን ለከበሮው ሰጡና «ምቺው» ሲሉ አወጁ።

መቺዋም አመነታች። «ጋሼ፣ ጀርባዎን እኮ ይመታዎታል» አለች።

«ፍሪጅ ተሸክሞ አራተኛ ፎቅ የወጣ ጀርባ ነው» አሉ ጌታችን። «ምቺው ልጄ።»

እሷም መታችው። ከበሮውም ሊሸሽ ፈለገ፣ የሚሸሽበትም አጣ። ያ ምት በጀርባቸው ገብቶ በደረታቸው ወጣ፣ ጥርሳቸውን አንቀጫቀጨ፣ በጆሯቸው ከነበረው ጥጥ አንዱን ጣለው። ዘፈኑ ምን እንደሆነ እንኳ ለይተው አልሰሙም፤ ዘፋኙ በስተኋላቸው ነበርና ዓለም ሁሉ ከበሮ ብቻ ሆነ። ነገር ግን ፊታቸው ወደ ሕዝቡ ነበር፤ ስለዚህም ማንም ትኬት ገዝቶ የማያየውን አዩ። የመሐሎቹ ስልክ አንድ በአንድ ዝቅ ሲል አዩ። ከኋላ፣ ከበሩ አጠገብ፣ ድሮ እጁን እንዳጣመረ፣ ከንፈሩ ግን እያንዳንዷን ቃል ከዘፋኙ እኩል ሲል አዩ።

እመቤቲቱንም አዩ። ያንን ፊት በሕመም አልጋ አጠገብ፣ በወጥ ቤት፣ በእንቅልፍም ያውቁት ነበር፤ እንዲህ ሆኖ ግን አይተውት አያውቁም። ፀጉራቸው በግንባራቸው ላይ ተለጥፎ፣ አፋቸውን ከፍተው፣ ሹራቡ በአንድ እጅጌ ብቻ ተንጠልጥሎ ይዘፍኑ ነበር፤ ዝቅ ብለውም ጌታችን እየተንዘፈዘፉ መቀመጣቸውን ሲያዩ በሳቅ ይታጠፉ ነበር። በአጠገባቸው ጌታችን ትተውት የተነሡት ባዶ ቦታ አለ፤ በዚያ ሁሉ ግፊያ መካከል ማንም አልገባበትም። ጌታችን ያንን ቦታ ዘፈኑ እስኪያልቅ ድረስ ተመለከቱት። ያ ቦታ ስንት ዓመት እንዲሁ እንደ ነበረ በዚያ ተረዱት።

ትርኢቱ ሲያበቃ ጌታችንን ከመድረኩ ለማንሣት ቤዝ ተጫዋቹና ሁለት የማይታወቁ ሰዎች አስፈለጉ። በደጅ፣ ገና በብርሃን፣ ድሮ እንዲህ ሲል አወጀ፦ «መጥፎ አልነበረም። ድሮ ግን ይሻል ነበር።»

«ስትዘፍን አይቼሃለሁ» አሉ ጌታችን።

«ማስቲካ እያኘክሁ ነበር» አለ ድሮ፣ ወደ ታክሲውም ፈጠነ።

እመቤቲቱም «ባንዱ እንዴት ነበር?» ሲሉ ጠየቁ።

«ባንዱን አላየሁትም» አሉ ጌታችን። «አንቺን ሳይ ነበር። ዘፈኑ ግን አልበሙ ላይ ይሻላል።»

እመቤቲቱም ይህን ሰምተው የጌታችንን ክንድ ያዙ።

በሌላው ትርኢት ጊዜ ባንዱ ምንጣፉን ይዞ መጣ፤ በዚህም ጌታችን ከሹመታቸው ተሻሩ፣ ጥቂትም ቅር አላቸው። ነገር ግን ከእመቤቲቱ አጠገብ በሁለት እግራቸው ቆመው ባንዱን ለመጀመሪያ ጊዜ አዩ፤ ዘፋኙም ካሰቡት ይልቅ አጭር ሆኖ አገኙት። ክርክሩ ግን አልተፈታም። በዚያ ቤት እስከ ዛሬ ድረስ አንዱ አልበሙ ይላል፣ አንዷ መድረኩ ትላለች፣ ታናሽ ወንድምም እራት ሊበላ በመጣ ቁጥር የጥንቱን ዘመን ያወድሳል፤ ወጡ እስኪቀዘቅዝ ይሟገታሉ፣ ማንም ማንንም አላሳመነም።

እንግዲህ ከተማ የያዙትን ሌሎች ያወድሱ፤ እኔ የማወድሰው በሴራሚክ ላይ ተቀምጦ ከበሮ የያዘውን ጀርባ ነው። ስማቸው በፍሪጆች መካከል የተከበረ፣ በጊታሮች መካከል የገነነ ይሁን፤ በቆሙበት ስፍራ ሁሉ ረጅም ሰው ከፊታቸው አይቁም፤ ለስላሳ መጠጥም በአንገታቸው አይፍሰስ፤ የማይወዱትን ነገር ከሚወዱት ሰው አጠገብ ቆመው የሚሰሙበት ዘመናቸው ይርዘም።