ሐቀኛው ማሽን

ከውርጌሳ ወደ ወልዲያ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች፣ ስሟ ለክብሯ ሲባል የማይጠራ አንዲት ከተማ ባለፈው ወር መናኸሪያዋን ከኋላ ቀር ጩኸት ነፃ አወጣች። ጩኸት የተባለው አቡበከር ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት በሩ ላይ ቆሞ «ወልዲያ! አንድ ሰው ብቻ!» እያለ ተሳፋሪ ሲጠራ፣ አራት ልጆቹንም በዚሁ ጉሮሮ ሲያሳድግ ኖሯል። በእሱ ፈንታ ወንበር እየቆጠረ የሚናገር ማሽን ተተከለ።

የመናኸሪያው ኃላፊ አቶ ደምሴ ሪባን ቆርጠው ንግግር አደረጉ። «ቴክኖሎጂ የመጣው ሠራተኛውን ሊያሳርፍ ነው።»

«ለስንት ቀን ነው የማርፈው?» አለ አቡበከር።

«ለዘለቄታው።»

ተሰብሳቢው አጨበጨበ። አቡበከርም ለወጉ አብሮ አጨበጨበ።

ማሽኑ መቼም እንከን አይወጣለትም፤ አይዋሽም። «የወልዲያው መኪና ሁለት ሰው ይዟል፤ አሥር ይቀራል» ሲል ተሳፋሪው አመስግኖ ሻይ ቤት ይገባል። መኪናው ካልሞላ አይሄድ፣ ሰዉ መሙላቱን ካልሰማ አይገባ። በገበያ ቀን እንኳ እስከ ቀትር አንድም መኪና ንቅንቅ አላለም።

«ያ ውሸታም የት ገባ?» አሉ እማማ ከድጃ፣ የማንጎ ቅርጫታቸውን እንደታቀፉ። «ወላሂ፣ እሱ ሲዋሽ ዙህር ሳይደርስ ወልዲያ ነበርን።»

ኮሚቴ ተቋቋመ። ሦስት ቀን መክሮ የማሽኑ ችግር ሐቀኝነት መሆኑን ደረሰበት፤ የአቡበከር ድምፅ ተቀድቶ እንዲገባበትም ወሰነ። አቡበከር ወደ ሥራው የተመለሰ መስሎት ከልቡ ጮኸላቸው። የምስጋና ወረቀት ሰጥተው ወደ ዕረፍቱ ሸኙት።

ከዚያ ወዲህ ማሽኑ መኪና ኖረም አልኖረም ከንጋት እስከ ማታ «አንድ ሰው ብቻ!» ይላል። አቡበከር ሲዋሽ ቢያንስ መኪናው ነበር። ሕዝቡ ሁለት ቀን አመነው፤ በሦስተኛው ወደ ሻይ ቤቱ ተመለሰ።

በማሽኑ ማመናቸውን ያልተዉት አቶ ደምሴ ብቻ ነበሩ። ስኬቱን ወልዲያ ላይ ለአለቆች ሊያስረዱ ሲወጡ «አንድ ሰው ብቻ!» የሚለውን ሰሙና ሮጠው ገቡ። መኪናው ባዶ ነው። አንድ ሰዓት ሙሉ ብቻቸውን ተቀመጡ። በመጨረሻ በመስኮቱ አንገታቸውን አውጥተው ሻይ ቤቱ በር ላይ ወደተቀመጠው አቡበከር ዞሩ።

«አቡበከር፣ በሞቴ፣ ስብሰባው ሊያልፈኝ ነው። አንዴ ጥራልኝ።»

«እኔማ አርፌያለሁ፣ አቶ ደምሴ። ለዘለቄታው።»

አቶ ደምሴ ሰዓታቸውን አዩ። ወረዱ፤ ከረቫታቸውን አላሉና መጀመሪያ በለሆሳስ፣ ቀጥሎ በሙሉ ጉሮሮ «ወልዲያ! አንድ ሰው ብቻ!» አሉ። እማማ ከድጃ ቅርጫታቸውን አንስተው መጡ፤ ሌላውም ተከተለ።

አቡበከር በባለሙያ ጆሮ ሲያዳምጥ ቆይቶ ጠጋ አላቸው።

«ድምፅዎ ይበል የሚያሰኝ ነው። ብቻ ይጠንቀቁ፣ እንዳይቀዱዎት።»