ከገበያ የሸሸው ሚሳኤል

ትናንት ከምሳ በኋላ፣ ቢሮዬ ውስጥ ወረቀቶቼ ላይ እንደተደፋሁ እንቅልፍ ወሰደኝና ሕልም አየሁ። ሥራዬ ሂሳብ ነው፤ ሚሳኤል የሚሸሸውን ነገር እንዴት እንደሚደርስበት አሰላለሁ። ነገሩ እንደ ጨዋታ ነው፤ ሸሺው ወዴት ለመታጠፍ እንዳሰበ አሳዳጁ ቀድሞ ማሰብ አለበት።

በሕልሜ ግን የሚሸሸው ሚሳኤሉ ነበር። በገበያው መሐል እያለከለከ ሲሮጥ ሻጩም፣ ሸማቹም፣ አህያውም ሳይቀር ይከተለዋል። ከሁሉም ፊት የሰፈራችን ሽንኩርት ሻጭ እማማ ዘርትሁን ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው ይሮጣሉ።

ሚሳኤሉ ዘሎ ቤቴ ገባና አልጋዬ ሥር ተወሸቀ። ጭራው ውጭ ቀረ።

«ጋሼ፣ ይደብቁኝ!»

«ምን አደረግካቸው?»

«ገና ምንም። ላደርግ ያሰብኩትን ቀድመው አሰቡብኝ።»

«እየተጠማዘዝክ ሩጥ» ብዬ መከርኩት። በመስኮት ወጥቶ ተፈተለከ፤ ሕዝቡም ተከተለው። እማማ ዘርትሁን ግን ደጄ ላይ ቀሩ።

«አያባርሩትም እንዴ?» አልኳቸው።

«ምን አስሮጠኝ? ሸሺ ሁሉ ውሃ ይጠማዋል» አሉና ቦኖው አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

እውነትም ጥቂት ቆይቶ ሚሳኤሉ ሕዝቡን እንዳስከተለ እየተንገዳገደ መጣ። በጣሳ ውሃ ቀድተው ሰጡት። ጠጥቶ ሲጨርስ ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ።

«ማነው የላከህ፣ ልጄ?»

ሚሳኤሉ አፍንጫውን ወደ እኔ አዞረ። ገበያው በሙሉ ዞረ። አህዮቹም ዞሩ።

እግሬ አውጪኝ አልኩ። ዕድሜዬን ሙሉ የለፋሁበትን ስሌት ሁሉ ተጠቀምኩ፤ በታጠፍኩበት ሁሉ ግን አንድ ሰው ቀድሞኝ ቆሟል። ማንም አልነካኝም። «ደከመህ?» ብቻ ይሉኛል፤ ከልባቸው አዝነው። ዱላ በመዘዙብኝ ብዬ ተመኘሁ።

የስልክ ጩኸት ቀሰቀሰኝ። አለቃዬ ኮሎኔል መንግሥተአብ ነበሩ።

«እንኳን ደስ አለህ፣ ዶክተር! ሙከራው ሠመረ። በአሥራ አንድ ሰከንድ ደረሰበት!»

ከወንበሬ ብድግ አልኩ፤ ስድስት ዓመት የደከምኩበት ነው። ከዚያ አንድ ነገር ከነከነኝ።

«ዒላማ የምትሆነው ሰው አልባ አውሮፕላን መጣች እንዴ?»

«እሷማ ገና ጉምሩክ ናት።»

«ታዲያ የሸሸው ምንድን ነው?»

ኮሎኔሉ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ልክ አንተ እንዳሰላኸው ነው» አሉ፤ «ወደ ግራ ታጠፈ።»