ሊቀ ሦስት ማዕዘንና ቀዳዳ የሌለው ሲንክ

ደህና የሆነ ነገር ሲያይ እጁን የሚያሳክከው ሰው የሌለበት መሥሪያ ቤት የለም። ይህን ሰው የተበላሸ ነገር አያስጨንቀውም፤ ለተበላሸማ ጠጋኝ አለ። እንቅልፍ የሚነሳው የሚሠራው ነው። በሩ ግጥም ብሎ ከተዘጋ፣ "ምን ሆኖ ነው እንዲህ የተዘጋው?" ብሎ ማጠፊያውን ይፈታል።

ጀማሪዋ ፕሮግራመር እንዲህ ያለውን ሰው በአጎቷም በጎረቤቷም ታውቀዋለች። ከነሙሉ ክብሩ ያገኘችው ግን ሦስተኛ ፎቅ ላይ ባለችው ጠባብ ቢሮ፣ ከጎኗ ካለው ጠረጴዛ ነው። ባልደረቦቻቸው ሊቀ ሦስት ማዕዘን ይሏቸዋል። ማዕረጉን ማን እንደሰጣቸው አይታወቅም፤ እሳቸውም አልተቃወሙም።

ቢሮው የነጋዴዎችን ዕቃ ስክሪን ላይ አስመስሎ ያሳያል። ኮምፒውተር ደግሞ ክብ የሚባል ነገር አያውቅም። የሚያውቀው ሦስት ማዕዘን ስለሆነ፣ ማንኛውም ቅርጽ በሦስት ማዕዘን ተቆራርጦ ነው የሚቀርብለት። ቆራጩ ላይብረሪ በሚሉት፣ ሌሎች ጽፈው ባዘጋጁት የፕሮግራም ስብስብ ውስጥ አለ፤ ምን ያህል አድቅቆ እንደሚቆርጥና የትኛውን ቦታ ቀዳዳ ብሎ እንደሚተው ደንብ መስጠት ብቻ ነው። ጀማሪዋ ይህን በሰማች ዕለት አፏን ከፍታ ቀረች። ያ ሁሉ ልስላሴ፣ ያ የብርጭቆ ከንፈር፣ ለካ ቀረብ ብለው ሲያዩት እርስ በርሱ የተቃቀፈ ሹል ነገር ነው!

ሊቀ ሦስት ማዕዘን አይደነቁም። ይነካሉ።

"ትንሽ ብቻ ልንካት፣ እህቴ" ይላሉ፣ ወንበሩን በትሕትና ወደ ራሳቸው እየሳቡ። ወዲያው የኮምፒውተሩ ማራገቢያ ሊነሳ እንደተዘጋጀ አውሮፕላን ያጓራል፤ የአንዲት ቧንቧ አፍ አንድ ሕንፃ የሚችለውን ያህል ሦስት ማዕዘን ትሸከማለች። "አሁን ገና ተነፈሰች" ይላሉ። ትንፋሽ ያጠረው ኮምፒውተሩ መሆኑን ደፍሮ የነገራቸው የለም።

በኮምፒውተር ብቻ ቢቀር ጥሩ ነበር። የሥራ አስኪያጇን ወንበር "አስተካክለውላት" ሴትዮዋ አንድ ሙሉ ስብሰባ አገጯን ጠረጴዛው ላይ አስደግፋ መርታለች። የግድግዳውን ሰዓት "ትንሽ ትዘገያለች" ብለው ነክተዋት፣ ቢሮው በሙሉ ገና በጠዋቱ ለምሳ ወጥቶ የምግብ ቤቱን አብሳይ ከአልጋው ቀስቅሶታል።

ጀማሪዋ ይህን ሁሉ በሳቅ ታልፈው ነበር፤ የሙከራ ጊዜዋ ሊያልቅ ባይቃረብ። ሥራ አስኪያጇ ነገሩን አላድበሰበሰችውም። "የመታጠቢያ ዕቃ ነጋዴው ሐሙስ ይመጣል። የሠራሽውን ሲንክ አይቶ ከፈረመ ትቀጥያለሽ። ካልፈረመ፣ የኔ እህት፣ እኔም ላንቺ የሚሆን ሥራ አይኖረኝም።"

ሐሙስ ጠዋት ነጋዴውን ልትቀበል ወደ ታች ወረደች። ይዛው ስትመለስ ሊቀ ሦስት ማዕዘን ከወንበሯ እየተነሱ ነበር፤ ፊታቸው ላይ እርካታ ይነበባል።

ሲንኩ ስክሪኑ ላይ በራ። ነጋዴው መነጽሩን አደረገ፣ አወለቀ፣ መልሶ አደረገ።

"ቆንጆ ነው" አለ። "ግን የኔ ልጅ፣ ውሃው በየት ይወርዳል?"

ቀዳዳው የለም። ሲንኩ ከዳር እስከ ዳር ድፍን ነው።

"መቼም ሾርባ አይቀርብበትም" አለ ነጋዴው፣ ነገሩ እንዲገባው ከልቡ እየጣረ።

አብራ ስታይ የነበረችው ሥራ አስኪያጇ ገና ወደ ጀማሪዋ ዞር ሳትል ሊቀ ሦስት ማዕዘን ተናገሩ።

"የልጅቷ ሥራ ደህና ነበር። የቀዳዳውን ደንብ የነካሁት እኔ ነኝ።"

"እንግዲያው ያስተካክሉታ፣ ጋሼ!" አለች ሥራ አስኪያጇ።

ሊቀ ሦስት ማዕዘን ሁለቱንም እጆቻቸውን ኪሳቸው ከተቱ። በቢሮው ታሪክ እንዲህ ያለ ነገር ታይቶ አይታወቅም።

"ሥራው የሷ ነው" አሉ። "እሷ ታስተካክለው።"

ጀማሪዋ ተቀመጠች። የሲንኩን የውጪ ጠርዝም ሆነ የውስጡን ቀዳዳ በአንድ አቅጣጫ አዙራ ነበር የሳለቻቸው። የድሮው ደንብ ይህን ያልፈዋል። እሳቸው ያመጡት ጥብቅ ደንብ ግን የቀዳዳው መስመር ከውጪው በተቃራኒ ካልዞረ ቀዳዳ አይለውም፤ ይደፍነዋል። የድሮውን ደንብ መመለስ ቀላል ነበር። እሷ ግን የሳቸውን ደንብ ሳትነካ የራሷን የቀዳዳ መስመር አቅጣጫ ገለበጠች፤ ቀዳዳው ወለል ብሎ ተከፈተ። ከኋላዋ አንድ ሰው በለሆሳስ "እሰይ" አለ።

"አሁን ወረደ!" አለ ነጋዴው፣ ውሃ ያየ ይመስል። ከዚያ ጣቱን በስክሪኑ ላይ በጠርዙ ዙሪያ አስኬደ። "ጠርዙ ግን ምን ብታደርጉት ነው? ሱቄ ውስጥ ያለው ራሱ እንዲህ አላማረም።"

ጠርዙን እንዲያ ያደቀቀው ማን እንደሆነ ቢሮው በሙሉ ያውቃል። ነጋዴው ፈረመ።

በማግስቱ ሥራ አስኪያጇ ጀማሪዋን ጠርታ፣ "ቋሚ ሆነሻል" አለቻት። "አሁን ኮምፒውተርሽን በይለፍ ቃል ቆልፊ። ከማን እንደሆነ አልነግርሽም።"

ቆለፈች። ሊቀ ሦስት ማዕዘን እንደ ልማዳቸው ብቅ ብለው የተቆለፈውን ስክሪን አዩ። ሄደው ውሃ ማቀዝቀዣው አጠገብ ቆሙ፤ ቧንቧዋን እንኳ ሳይነኩ። ማራገቢያ አያጓራም፣ ወንበር አይንቋቋም፤ ቢሮው ሰው የወጣበት ቤት መሰለ።

ጀማሪዋ ቻለች፣ ቻለችና አቃታት። ቁልፉን ከፍታ ወንበሯን ወደ ጎን ገፋ አደረገች።

"ጋሼ፣ እስኪ ይምጡ። ይቺ ጠርዝ ትንሽ አልሻከረችብዎትም?"

ጠርዟ ምንም አልነበረባትም።