የእመቤት ረቂያ ዘመቻ፤ እልልታን በጉንጭ ስለ መያዝ

በሐጂ ቡዓዛ ዘበኝነት ዘመን፣ የሚኖሩበት ሕንጻ አሳንሰር በሞተ በሰባተኛው ዓመት፣ በወርኃ ሚያዝያ፣ ንግሥተ እልልታ፣ መለከተ ሠርግ፣ የሳሌ ከተማን ሙሽሮች ሁሉ እያስለቀሱ የዳሩት እመቤት ረቂያ ወንዙን ተሻግረው ማዶ ወዳለችው ከተማ ወደ ረባት ዘመቱ። የዘመቱትም ስለ እህታቸው ልጅ ስለ ቡሽራ ነው፤ ይህች ልጅ ከየአገሩ የመጡትን ፒያኖ መቺዎች እያሸነፈች ለውድድሩ ፍጻሜ ደርሳ፣ በዚያች ዕለት ከትልቁ ኦርኬስትራ ጋር በዳኞች ፊት ልትጫወት ነበርና።

ነገር ግን በፊተኛው ዙር እመቤት ረቂያ ደስታ አሸንፏቸው በዜማው መካከል አንድ እልልታ ቢለቁ፣ የልጅቱ ጣት ስቶ፣ የዳኞቹም ፊት ሎሚ እንደ ላሰ ሰው ተጨማዶ ነበር። ስለዚህ ቡሽራ በዋዜማው እንዲህ ስትል አዋጅ ነገረች፦ «አክስቴ፣ ስሚኝ። ሙዚቃው ሦስት ክፍል አለው። መሀል ላይ ዝም ሲል አለቀ ማለት አይደለም። ማንም አያጨበጭብም፣ አንቺም እልል አትዪም። እኔ ተነሥቼ እጅ እስክነሣ ድረስ ጥርስሽን ግጠሚ። ነገ ደግሞ ካመለጠሽ፣ የእናቴ እህት ብትሆኚም የሠርጌን ቀን አልነግርሽም።»

ይህም ቃል በእመቤት ረቂያ ጆሮ እንደ ሞት ፍርድ ተሰማ። ሠርግ የማትጠራ እልል ባይ ምን ትባላለች? ቆማ የምትሄድ ሬሳ ናት።

የተከተላቸውም ሠራዊት ይህ ነው፤ በስተቀኝ ጉልበቷን የሚያማት ጎረቤታቸው፣ በስተግራ ኦርኬስትራ የሚበላ መስሎት የመጣው አማቻቸው፣ በስተኋላም ዳቦ ጋጋሪው ከነዱቄቱ። ስንቃቸውም በጨርቅ የተቋጠረ፣ በለውዝ የተሞላ፣ ስኳር የተነሰነሰበት፣ የሚዳቋ ቀንድ የሚሉት ኬክ ነበረ።

በአዳራሹም ከማዳም ጊዝላን አጠገብ ተቀመጡ። ይህች የረባት ሴት ፓሪስ አንዴ ሄዳ እስከ ዛሬ እየተመለሰች ያለች ናት። እርሷም ረድፉ እስኪሰማት ድረስ አወጀች፦ «ሴትዮዋ ከሳሌ ናት፤ እወቁት። የሳሌ ሰው ከዐስር ሶላት በኋላ ያብዳል ሲባል ሰምታችኋል፤ ሰዓቱም አልፏል። ልጆቻችሁን ያዙ።» ረድፉም ሳቀ። እመቤት ረቂያ ግን ስድቡን ዋጡት፤ አፋቸው ሌላ ሥራ ነበረበትና።

የፊተኛው ክፍል አልቆ ጸጥታ በሆነ ጊዜ፣ እልልታው ከሆድ ተነሥቶ፣ ደረት ተሻግሮ፣ የጉሮሮን በር አንኳኳ። እርሳቸውም አንድ ኬክ ሙሉውን ጎርሰው በሩን ዘጉት። ሁለተኛው ክፍል አንጀት ሲበላ ቆይቶ ሲያበቃ ደግሞ እልልታው ከእንባ ጋር ተባብሮ መጣ። ሁለት ኬክ አዘመቱበት፤ ጉንጫቸውም እንደ ወናፍ ተነፋ።

ወእምድኅረዝ በሦስተኛው ክፍል ኦርኬስትራው እንደ ጎርፍ ሲጮኽ ቆይቶ ድንገት ቀጥ አለ፤ ልጅቱ ብቻዋን የምትጫወትበት ቦታ ደርሶ ነበርና። ያን ጊዜ ማዳም ጊዝላን፣ ያ ሁሉ ፓሪስ የት እንደ ገባ እንጃ፣ አለቀ ብላ ተነሥታ «ብራቮ» እያለች አጨበጨበች። አዳራሹ ሁሉ ዞረ። ቡሽራም ጣቷን አየር ላይ ሰቅላ፣ ልቧ ፈርሶ፣ ወደ አክስቷ አየች፤ ያየችውም ጥርሳቸውን የገጠሙ፣ ዓይናቸው የፈጠጠ፣ አገጫቸው ስኳር የለበሰ፣ ጭራሽ የማይተነፍሱ አክስቷን ነው። ሳቋ መጣ፤ ከሳቁም ጋር ልቧ ተመለሰ፤ ጣቶቿም እንደ በረዶ ወረዱ።

ተነሥታ እጅ በነሣች ጊዜ እልልታው ተፈቀደለት፤ ነገር ግን መውጫ አላገኘም። የወጣው ለውዝና ስኳር ነው፤ የማዳም ጊዝላንን ጥቁር ቀሚስ አነጣው።

ቡሽራ ሁለተኛ ወጣች። አንደኛ የወጣው ልጅ ጎበዝ ነው ይላሉ፤ እንዲህ ያለች አክስት ግን አልነበረችውም።

ማታ ወደ ሳሌ ሲመለሱ ጀልባው ወንዙ መካከል ሲደርስ ልጅቱ አዋጇን ሻረች፦ «በቃ አክስቴ፣ አሁን ልቀቂው። ሠርጌ ላይ ደግሞ ኬክ የሚያቀርብልሽ የለም።» እመቤት ረቂያም ቀድመው ወደ ረባት ዞረው አወጁ፦ «ያልሰማህ ስማ። ዛሬ ከዐስር ሶላት በኋላ ያበደችው የእናንተ ናት።» ከዚያም ለቀቁት፤ በሁለቱ ከተሞች ውሻ ሁሉ ተነሣ፣ ቀዛፊውም መቅዘፊያውን ጣለ።

ክብር ለረቂያ ዘሳሌ። ሌሎች ጀግኖች አገር ያዙ፤ እርሳቸው አፋቸውን ያዙ። የትኛው እንደሚከብድ ያገባች ሁሉ ታውቀዋለች።