ሃያ ሁለት ደረጃ

አንድ ደብዳቤ ከሁለተኛ ፎቅ ወደ ሦስተኛ ፎቅ ወጥቶ መልሱ እስኪወርድ ምን ያህል ጊዜ ይበቃዋል? ደረጃውን ቆጥሬዋለሁ፤ ሃያ ሁለት ነው። ግምታችሁን ያዙና ሕልሜን ስሙ።

የልጄ እናት "ፍርድ ቤት ካላዘዘ ልጅቷን አላገናኝህም" ካለችኝ ሁለት ዓመት ተኩል ሆነ። ዛሬ ጠዋት ሁለተኛ ፎቅ፣ በቤተሰብ ችሎት ደጃፍ ተራዬን ስጠብቅ አግዳሚው ላይ እንቅልፍ ጣለኝ። በሕልሜ ዳኛው፣ የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያዋና የሥነ ልቦና ባለሙያው መታወቂያቸውን ይዘው ተሰልፈዋል። ዳኛው ካባቸውን ገልብጠው ለብሰዋል። ጥበቃው ኪሳቸውን እየዳበሰ "ስልክ አጥፉ፣ ማስቲካ ትፉ" ይላቸዋል። መዝገቦቹ እንደ መዋዕለ ሕፃናት ልጆች እጅ ለእጅ ተያይዘው ደረጃውን ይወርዳሉ።

በዳኛው ወንበር ላይ ልጄ ኤልዳና ተቀምጣለች። እግሯ መሬት አይነካም።

"አባዬን እሑድ እሑድ ላግኘው ወይስ አላግኘው?" አለች።

"ክብርት ሆይ፣ አጭር ቀጠሮ ይሰጠን" አሉ ዳኛው እጅ ነስተው። "የባለሙያዋን ሪፖርት እየጠበቅን ነው።"

"ባለሙያዋ የት አሉ?"

"ከዳኛው አጠገብ ነኝ" አለች ሴትዮዋ።

ዳኛው ዞረው አዩዋትና ደነገጡ። "እርስዎ ነዎት እንዴ? ደረጃ ላይ ዘወትር ሰላም የምንባባለው!"

"እኔማ እርስዎ ባለጉዳይ መስለውኝ ነበር። ፊትዎ ሁልጊዜ እንደጨነቀው ነው።"

"ወሬ አቁሙ!" አለች ልጄ። "አንድ ጠረጴዛ ከባችሁ ተቀመጡ። ሳትጨርሱ ምሳ የለም።"

ተቀመጡ።

"ልጅቷን አዩዋት?" አሉ ዳኛው።

"ቤቷም ትምህርት ቤቷም ሄጃለሁ። ጨለማ ትፈራለች፤ አባቷን አትፈራም።"

"ከእሱ ጋር ብትውል ይጎዳታል?"

"የሚጎዳትስ መለየቱ ነው" አለ የሥነ ልቦናው ሰው።

"ታዲያ እሑድ እሑድ ትሂዳ!"

"በቃ?" ብዬ ጮኽኩ።

"በቃ" አሉ ሦስቱም፣ ራሳቸውም ገርሟቸው። ሻይ ቢቀርብላቸው ገና ሳይበርድ ነገሩ ባለቀ ነበር። ኤልዳና ከወንበሩ ዘልላ ወደ እኔ ሮጠች። እጄን ዘረጋሁ።

"ወንድም! ተጠርተሃል እኮ!" ጥበቃው ትከሻዬን እየናጠኝ ነበር።

ገባሁ። ሪፖርቱ ደርሷል! ዳኛው ገለጡት፤ መልሰው ዘጉት።

"ይህ ጥናት የተሠራው ልጅቷ አራት ዓመቷ ሳለ ነው። አሁን ስድስት አልፏታል። ስለዚህ እሷን አይገልጽም። አዲስ ጥናት እንዲቀርብ ለሦስተኛ ፎቅ ባለሙያዎች ይጻፍ።"

"ክቡር ዳኛ፣ ጥናቱን ያስረጃችሁት እናንተው ናችሁ! ባለሙያዋን አሁኑኑ ልጥራቸው?"

"በደብዳቤ ነው አሠራሩ። ቀጣይ ባለጉዳይ!"

ከችሎቱ ወጥቼ ሃያ ሁለቱን ደረጃ ወደ ሦስተኛ ፎቅ ወጣሁት። ግማሽ ደቂቃ እንኳ አልፈጀብኝም። የባለሙያዋ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ተቀምጣ የዳኛውን ደብዳቤ ትጠብቃለች።

እናንተ የሁለቱ ፎቅ ኃላፊዎች፣ የልጄ የፊት ጥርሶች ወልቀው አዲስ ሲበቅሉ ያላየሁት በማን ጥፋት ነው? ስማችሁን ጠርታችሁ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ በአደባባይ መልሱልኝ። በደብዳቤ እንዳይሆን።