የሀሊማ አረብኛ

እኔ ቁጭ ማለት አይሆንልኝም። ይኼን አስቀድሜ ልንገርህ፤ የኋላው ጣጣ ሁሉ የመጣው ከዚሁ ነው። ድሬዳዋ ውስጥ አንድ ፋብሪካ ጥገና ክፍል ዕድሜዬን ጨርሼ ጡረታ ወጣሁ። እኔ ወጣሁ እንጂ እጄ አልወጣም። ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል አይደል የሚባለው? እኔም ደህናውን ቧንቧ ፈትቼ እገጥመዋለሁ። ከገጠምኩት በኋላ ማንጠባጠብ ይጀምራል።

ታዲያ አንድ ቀን የቴሌቪዥን ክፍያ ጨመረ። ያ በየወሩ ካልከፈልከው ፊቱን የሚያጠቁርብህ ዲኮደር አለ አይደል? እሱ። ባለቤቴ ወይንሸት ወደ አማርኛ የተመለሰ አንድ የቱርክ ድራማ ትከታተልበታለች። ባልየው ለሥራ ባሕር ተሻግሮ ይሄዳል፣ ሚስትየው ወደብ ላይ ቆማ ትቀራለች፣ ከዚያ በኋላ መቼም አያልቅም።

“አልከፍልም!” አልኩ። በዚህ ዘመን ድራማ የሚታይበት መንገድ ሞልቷል፣ ርካሹን ፈልጌ አመጣልሻለሁ ብዬ ፎከርኩ። ወይንሸት ዝም ብላ አየችኝ። አንተ የእሷን ዝምታ ብታውቀው ኖሮ እዚያው ሮጠህ ትከፍል ነበር።

ፍለጋው ተጀመረ። መጀመሪያ ጣሪያ ላይ ወጣሁ። ዲሹን ባዞረው በነፃ የሚለቀው ጣቢያ አይጠፋም ብዬ ነው። የድሬን ፀሐይ መቼም ታውቃታለህ። ቆርቆሮው ጫማዬን አልፎ እግሬን ይጠብሰኛል። እኔ ከላይ፣ “አሁንስ?” ወይንሸት ከታች፣ “የለም!” “አሁንስ?” “የለም አልኩህ!” ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ። ከስንት መከራ በኋላ ዜና መጣ፣ መዝሙር መጣ፣ የምግብ ዝግጅት መጣ። የእኛ ሰዎች ግን የሉም።

ቀጥሎ ፍላሽ ይዤ የደቻቱን ወንዝ ድልድይ ተሻገርኩ። ፊልም የሚጭን ሰው አለ ብለውኝ ነው። ጫነልኝ። ቤት መጥቼ ስሰካው ሦስቱ ክፍል ደህና ነው፤ አራተኛው ላይ በሕንድ ቋንቋ ይጨፍራሉ። ከዚያ የኢንተርኔት ፓኬጅ ገዛሁ። ባልየው “እኔ እኮ አንቺን...” ብሎ አፉን እንደከፈተ ደረቀ። መሐሉ ላይ ያቺ ክብ ነገር ትዞራለች። እሷ ትዞራለች፣ እኔም ቤቱን እዞራለሁ። ስትቆም ፓኬጁ አልቋል። የጎረቤት ዋይፋይም ሞከርኩ። ያ ጎረቤት የይለፍ ቃሉን የሚቀይረው እኔ በገባሁ ማግስት ነው። እንዴት እንደሚያውቅ እስከዛሬ አልገባኝም።

እኔ እንዲህ ስባዝን ወይንሸት ምን ሆነች መሰለህ? መላውን አገኘችው። ግቢያችን ውስጥ ሀሊማ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት አለች። ጠዋት ጠዋት በሯ ላይ ሳምቡሳ ጠብሳ ትሸጣለች። አሮጌ ዲሽ አላት፤ የአረብ ጣቢያዎችን ብቻ የሚስብ፣ ወርሃዊ ክፍያ የሚባል የማያውቅ። ያው ድራማ እዚያ በአረብኛ ይታያል። ሀሊማ ደግሞ አረብ አገር ሁለት ዓመት ኖራ መጥታለች። ስለዚህ አመሻሽ ላይ ቴሌቪዥኑ በረንዳ ይወጣል፣ ምንጣፍ ይነጠፋል፣ የግቢው ሴቶች ይሰበሰባሉ፣ ሀሊማ ታስተረጉማለች።

ከፊት የምትቀመጠው ሃዋ ናት። ወጣት ተከራያችን ናት፤ ኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ ስትሰፋ ትውላለች። ባሏ እንደ ድራማው ሰው ሥራ ፍለጋ ባሕር ተሻግሯል። መጀመሪያ ይደውል ነበር። በኋላ ተወ።

ወይንሸት ማታ ማታ ፊቷ በርቶ ትመጣለች። ዛሬ ደብዳቤ ላከ ትለኛለች። ዝም ያለው ታሞ ነው አሉ። አማትየውም ተጸጽታ ይቅርታ ጠየቀች። እኔ ደስ ሊለኝ ሲገባ ይበልጥ ተቁነጠነጥኩ። የገዛ ሚስቴ ደስ ብሏት፣ ያስደሰታት ግን የኔ ፍለጋ አይደለማ!

በመጨረሻ ተሳካልኝ። ማስታወቂያውን ከቻልክ ድራማውን በአማርኛ በነፃ የሚሰጥ መተግበሪያ አገኘሁ። ከዚራ ሰፈር አንድ ካፌ ገብቼ፣ አንድ ሻይ አዝዤ፣ በእነሱው ዋይፋይ ክፍሉን ሁሉ እስከ መጨረሻው ስልኬ ላይ አወረድኩት። አስተናጋጇ ጠረጴዛዬን አምስት ጊዜ ወለወለችው። አልተነሳሁም። በሕይወቴ ያን ያህል የተቀመጥኩት ያን ቀን ብቻ ነው።

ቤት ገብቼ ወይንሸትን አጠገቤ አስቀመጥኳት። ከፈትነው። ደብዳቤ የለም። ሰውዬው አልታመመም። ሰውዬው ሌላ ሚስት አግብቷል! አማትየውም እንኳን ልትጸጸት ሠርጉን ደግሳ የዳረችው እሷ ናት።

“ይኼ ሌላ ድራማ ነው” አለች ወይንሸት።

“ሰዎቹ እነሱ ናቸው እኮ!”

ተያየን። ሀሊማ አረብኛ አታውቅም።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ብዬ ብድግ አልኩ። ወይንሸት ተቀመጥ፣ ምን አገባህ አለችኝ። እኔ መቼ ተቀምጬ አውቃለሁ? ሌሊቱን ስገላበጥ አድሬ ጠዋት ሀሊማ በር ላይ ነኝ። ሳምቡሳ እየጠበሰች ነው።

“ሀሊማ፣ ያ ሰውዬ ሌላ አግብቷል።”

ቀና አላለችም። “አውቃለሁ። ሠርጉን አይቻለሁ፣ ዓይን አለኝ። የእህቱ ሠርግ ነው ብያቸዋለሁ።”

“አረብኛሽስ?”

“አቦ ተወኝ! አረብ አገር ዕቃ ሳጥብ ነው የኖርኩት። ነይ፣ ሂጂ፣ ፍጠኚ፣ ለምን ሰበርሽው። የማውቀው ይኼን ነው። እዚህ ድራማ ውስጥ ደግሞ ወላሂ አንድም ሰው ብርጭቆ አይሰብርም።”

ሳቄ ሊመጣ ሲል ዋጥኩት። ልቆጣ እኮ ነው የመጣሁት። “ታዲያ ለምን ዋሸሽ?”

አሁን ቀና አለች። “የመጀመሪያ ቀን ሃዋ ምን አለ ብላ ጠየቀችኝ። ዓይኗን ብታየው! የሷ ሰውዬ ስልኩን ካጠፋ ስንት ጊዜው ነው? ረስቷታል ልበላት? አፌ እምቢ አለኝ። ደብዳቤ ጽፏል አልኳት። በነጋታው ደግሞ ደብዳቤው ላይ ምን አለ አለችኝ። እንግዲህ ምን ላድርግ? ገባሁበት።”

ከዘይቱ የወጣ ትኩስ ሳምቡሳ በወረቀት ሰጠችኝ። “ብላና ዝም በል።”

በላሁ። ዝምም አልኩ። ግን እኔን ዝም በል ማለት እሾህ ላይ ተቀመጥ እንደማለት ነው። ሃዋን ባየኋት ቁጥር ምላሴን ያሳክከኛል። አንዱ ልቤ ልጅቷ እውነቱን ትወቅ፣ እስከመቼ ወደብ ላይ ትቆማለች ይለኛል። ሌላው ልቤ አንተ ማነህ ይለኛል። ስልኬ ላይ መጨረሻውንም አይቼዋለሁ፤ ሰውዬው አይመለስም።

የመጨረሻው ክፍል በአረብኛ የሚታይበት ቀን ደረሰ። ሀሊማ ጠዋት ሳምቡሳ አሳርራለች፤ እሷም እንዴት እንደምትጨርሰው ጨንቋታል። አመሻሽ ላይ ሃዋ ከሰርቪስ ወርዳ ስትገባ የግቢው በር ላይ ያዘችኝ።

“ጋሼ፣ ድራማውን በስልክ ታያለህ አሉ።” ድሬ ላይ አንቱታ የለም፤ ጋሼ ካሉህ ተመስገን ነው። “መጨረሻው ምንድነው? ይመለሳል?”

አላበኝ። ሙቀቱ አይደለም። ዓይኗን አየሁና የሀሊማ አፍ ለምን እምቢ እንዳለው ገባኝ።

“ይመለሳል” አልኩ። “በመርከብ ነው የሚመጣው። ሻንጣ ይዞ።” ሻንጣውን ምን አመጣው? አንዴ ከጀመርክ አታቆምም። “ለልጆቹም ጫማ ገዝቶላቸዋል።”

ሃዋ አፏን በሻርፗ ሸፍና ሳቀች። “ጋሼ፣ ልጅ የላቸውም እኮ።”

ደነገጥኩ። “ማን አለሽ?”

“አማርኛውን በምሳ ሰዓት በጓደኛዬ ስልክ ካየነው ወር አልፏል። ሌላ ማግባቱንም አይቻለሁ። የጠየቅኩህ ምን እንደምትል ልስማ ብዬ ነው።” ሳቋ ቀነሰ። “የኔውም ቢሆን አይመጣም፤ ተስፋ ከቆረጥኩ ቆይቻለሁ።”

“ታዲያ በየማታው እዚያ ምንጣፍ ላይ ምን ትሠሪያለሽ?”

ወደ በረንዳው ዞር ብላ አየች። ሀሊማ ምንጣፉን እያራገፈች ነው። “እትዬ ሀሊማ ባሏ ከሞተ ጀምሮ እንዲህ ስታወራ አይቻት አላውቅም። ደብዳቤውን ስታነብልን ፊቷን አይተኸዋል? አረብኛ እንደማታውቅ ካወቅንባት ታፍራለች። አደራ፣ እንዳትነግራት!”

ይኸውልህ። ሀሊማ ለሃዋ ብላ ትዋሻለች፣ ሃዋ ለሀሊማ ብላ ታምናለች፣ በመሐል እውነት ፍለጋ ጣሪያ የወጣሁት ጅል እኔ ነኝ። በረንዳው ላይ ሀሊማ፣ ኑ፣ ሊጀምር ነው ብላ ትጣራለች። እዚያ ቆሜ አንድ ቁም ነገር መናገር ነበረብኝ። የአባት ምክር፣ ምርቃት፣ የሆነ ነገር።

“ቆይ ሃዋ” አልኳት። “ምሳ ሰዓት ላይ የምታዩት... በነፃ ነው?”